የታች ጎረቤት ላለሽ እናት

ሰላም እህቴ። «ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቼ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ፣ ዝናቡ አላስወጣ አለኝ፣ ቤት ውስጥ ሲሮጡ ደግሞ የታች ጎረቤቴ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ 3ኛ ፎቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው ነው። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ኮንዶሚኒየም 2ኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጆች ይዤ አራተኛ ክረምቴ ነው። ትልቁ 11፣ ሴቷ 8፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። የመጥረጊያዋን ድምፅ በደንብ አውቃታለሁ።

የመጀመሪያውን ክረምት ጨዋታ ስፈልግ ነው የጨረስኩት። ከዩቲዩብ ስፖርት እከፍትላቸዋለሁ፣ ሁለት ቀን ይሠራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሶፋ ላይ ናቸው። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ያጣሁት ጨዋታ አልነበረም፣ ሰዓት ነው። የኛ ከተማ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው። ጠዋት ቢያስፈራራም ቀዳዳ ይሰጣል። እኔ ያቺን ቀዳዳ በልብስ አጠባ አሳልፌያት፣ 8 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ቆርቆሮ መንጫጫት ሲጀምር ነበር ስለ ልጆቹ የማስበው። አሁን ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ማንም ቤት አይቀመጥም። ትንሹ ዳቦውን በእጁ ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ ሐይቁ ዳር፣ አንዳንዴ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን እንመለሳለን። 380 ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ ለትንሹም አይከብደውም፤ ትልቁ እኛ አንዴ ስንሻገር እሱ ሁለቴ ይመላለስበታል። ሐይቁ ዳር ስትሄዱ ግን ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ፤ ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ደግሞ 180 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ። 180 የሚለውን ሳነብ ደንግጬ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ ነው እንጂ በአንዴ አይደለም። ጠዋት ወጥተው ከተመለሱ ለቤት ውስጥ የሚቀረው ያን ያህል አያስጨንቅም።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። ወለል ሳይደልቁ የሚያልቡ ነገሮች አሉ። እኔ ቤት አንደኛው እስክስታ ነው። ጎጃም ተቀምጠን ትከሻ መስበር ለልጅ ካላስተማርን ምን ልናስተምር ነው! እግር ከቦታው ሳይነሳ ሦስት ዘፈን ሙሉ ትከሻ ብቻ፤ ቀድሞ ያቆመ የቡና ሲኒ ያጥባል። ሁለተኛው ጋሪ ነው፤ አንዱ የሌላውን እግር ይይዛል፣ ተያዡ በእጁ እየተራመደ ከሳሎን ኩሽና ይደርሳል። ለክንድ ጡንቻ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የካልሲ ኳስ ጠቅልሎ ሳፋ ውስጥ መወርወርም አለ፤ ደንቡ የሳተ ራሱ በአራት እግሩ እየዳኸ ሄዶ ማምጣት ነው። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሠርተንም ነበር፣ እሱ ግን ዝላይ ስለሆነ መጥረጊያዋን አስነሳብኝ።

ከሁሉ የባሰው ቡሄ ሲቃረብ ነው። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ሊለማመዱ ዱላቸውን ይዘው ሳሎኔ ገቡ። አስቢው፣ አምስት ዱላ ሴራሚክ ላይ! የታችኛዋ እማማ ራሳቸው መጡ። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ቤቱ ሊወርድብኝ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ቡና አፍልቼ ጠራኋቸውና ሰዓት ተስማማን። በፍልሰታ ቅዳሴ ውለው የሚመለሱት 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከ7 እስከ 9 ሰዓት ቤቱ የልጆቹ ነው፤ ገመድ ዝላይም ሆነ አባሮሽ። በሌላው ጊዜ ከ10 እስከ 10 ተኩል ብቻ። ዱላው ደግሞ የታጠፈ ጆንያ ላይ ነው የሚመታው። መጥረጊያዋ ከዚያ ወዲህ አልተሰማችም። ሰው የሚያማርረው መቼ እንደሚያበቃ የማያውቀው ጫጫታ ነው መሰለኝ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ካልሲ። ሴቷ ልጄ በካልሲ እየተንሸራተተች የቡፌው ጠርዝ ቅንድቧን ሰንጥቋት ሦስት ቦታ ተሰፍታለች። ሴራሚክ ላይ ባዶ እግር ነው፤ ጠረጴዛውንም ግድግዳ አስጠጊው። ሁለተኛው ከሰል ነው። በክረምት ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን ቡና እናፈላለን። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሮጦ የሚያለከልክ ልጅ ደግሞ አብዝቶ ይስበዋል። ማንደጃው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ካልሆነም መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆቹም በዚያ ሰዓት አይሩጡ።

ስልኩን በተመለከተ፣ ነጥቄ አይቻለሁ፣ ለቅሶ ብቻ ነው ያተረፍኩት። አንቺ ራስሽ ተነስተሽ ትከሻሽን ስትሰብሪ ግን እስኪ እንያት ብለው ይመጣሉ። ለመሳቅም ቢሆን ይመጣሉ።

የእማማ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ለክረምት መጥታለች። 10 ሰዓት ሲሆን ሱዚዋን ይዛ በራችንን የምታንኳኳው እሷ ናት።