ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምነዳው የአባቴን መኪና ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ። ጠዋት ምንም አይለውም። ሲሞቅ ግን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሊቀይር ሲል ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል። የዙር መቁጠሪያው ከ2,000 ወደ 3,500 ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ዳገት ላይ ይብሳል። አንድ መካኒክ ትንሽ ነዳውና «ካምቢዮው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይሪው» አለኝ። አባቴ ደግሞ «ዘይቱን ብቻ ለውጪው፣ ይስተካከላል» ይላል። ማንን ልስማ? ለነገሩ የኋላ ማርሹም ሰሞኑን ሰነፍ ሆኗል።

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ። ከደብዳቤሽ ሁሉ የጠቀመኝ መጨረሻ ላይ «ለነገሩ» ብለሽ ጣል ያደረግሽው ነው። ብዙ ሰው «ካምቢዮው ያንሸራትታል» ብሎ ይመጣል። በየትኛው ማርሽ ነው ሲባል መልስ የለውም። መካኒኩም ካልጠየቀ ነገሩ ግምት ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ችግሩ በእርግጥ ካምቢዮው ነው? አዎ ነው። ሞተር ሲደክም ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ይወርዳሉ። ያንቺ ግን ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ይቀራል። ጉልበቱ ከሞተሩ ወጥቷል፣ ጎማው ጋ አልደረሰም።

አሁን ወደ ማርሾቹ። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸክላዎች (ተጨምቀው ጉልበቱን የሚያስተላልፉ ክብ ዝርግ ሳህኖች ናቸው) አንድ ላይ ሳይሆኑ በቡድን በቡድን ነው የተቀመጡት። እያንዳንዱን ቡድን የሚጨምቀው የዘይት ግፊት ነው። በብዙ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮዎች ላይ ሦስተኛውንና የኋላ ማርሹን የሚይዘው አንድ ቡድን ነው። አንደኛና ሁለተኛ ላይ ግን ይህ ቡድን ሥራ የለውም። መኪናሽ ተነስቶ ሁለተኛ እስኪገባ ደህና ነው። ሦስተኛና የኋላ ላይ ይሰንፋል። እንግዲህ ጣቴን የምቀስረው እዚያ ቡድን ላይ ነው። ግፊቱን የሚሰጠው የዘይት ፓምፕ ቢደክም ወይም የዘይቱ ማጣሪያ ቢደፈን ኖሮ በሁሉም ማርሽ ባስቸገረሽ ነበር።

ሲሞቅ መባሱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ጎሚኒ ካረጀ ቀዝቃዛውን ወፍራም ዘይት እንደምንም ይይዘዋል፤ ቀጭኑ ግን ያመልጠዋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ሸክላዎቹ በደንብ ሳይጨመቁ ይፋተጋሉ። ፍትጊያው ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ «ገና ይሄዳል» እያልሽ ዳገት አታስወጪው።

ይህ ሁሉ ግን ዘይቱ ከታየ በኋላ ነው የሚጸናው። ዘይት ሲጎድልም ሙቀት ላይ ያንሸራትታል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሚው። ሞተሩ በርቶ፣ ካምቢዮው ሞቆ ይሁን። ፍሬን እንደረገጥሽ ማርሹን ከፒ (ማቆሚያው) እስከ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) በየተራ አሳልፊና ወደ ፒ መልሺው፣ የእጅ ፍሬኑንም ያዢ። ከዚያ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጪ፣ ጥረጊ፣ መልሰሽ ክተቺና እንደገና አውጪው። ለትኩስ ዘይት የተቀመጠውን ምልክት ነው የምታይው። (ሞተሩ ጠፍቶ የሚለኩም አሉ፤ የመኪናውን መጽሐፍ እዪ። ሻርፕሽንና ጸጉርሽን ከማራገቢያው አርቂ።)

ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው። ጠራ ያለ ቀይ ከሆነ ደስ ይለኛል። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ሸክላው ተበልቷል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፣ ያኔ መኪናው ከቆመበት አይነሳ። ደረጃው ከጎደለ ደግሞ የሚያፈስበት አለ ማለት ነው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም። ስትሞይ መጽሐፉ የሚያዘውን ዓይነት ብቻ ተጠቀሚ። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም።

ደረጃው ልክ ሆኖ ዘይቱ ከተቃጠለ የአባትሽ ምክር አያዋጣም። አዲስ ዘይት የተበላ ሸክላ አይመልስም። «ማንሸራተት ያቆማል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም እለፊው። ቢበዛ የደረቀ ጎሚኒ ለጊዜው ያለሰልስ ይሆናል።

መካኒኩም ቸኩሏል። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ካምቢዮዎች ላይ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣ ቀጭን ኬብል አለ። ሞተሩ ላይ የተጫነውን ጭነት ለካምቢዮው የሚነግረው እሱ ነው። ከላላ ካምቢዮው ሥራው ቀላል ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ሸክላውም በከንቱ ይቃጠላል። ማስተካከሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የግፊት መለኪያ ይሰካበትና በወደፊት መንጃው በዲም፣ በኋላ ማርሽም ይነበብ፣ ትኩስ እያለ። ዋናው ግፊት ከወረደ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ልክ ሆኖ ካንሸራተተ ግን ያው የጠረጠርኩት ቡድን ነው። መለኪያ የሌለው ጋራዥ «አልቋል» ብሎ ሲፈርድ እኔ አላምነውም።

በመጨረሻ መፈታቱ ካልቀረ፣ የተበላውን ቡድን ብቻ አስቀይሬ ልገላገል አትበይ። ድካሙ ያለው ማውረዱና መስቀሉ ላይ ነው። አንዴ ከተከፈተ ሸክላውም ጎሚኒውም ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የዘይት ማቀዝቀዣ መስመርም ይታጠብ። ይሄን ብዙዎች ይዘሉታል። እዚያ የተኛው የሸክላ ብናኝ ተመልሶ አዲሱን ሥራ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የእኔም ኦቶማቲክ ነው፣ ዲ ላይ ከቆመበት አልነሳ ይላል። ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። ኤል ሳደርገው ግን ይሄዳል። የኋላውም ደህና ነው። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የእርስዎ አጭር ነው። በብዙ ካምቢዮዎች ዲ ላይ አንደኛ ማርሽን የሚይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር መያዣ ነው። ኤል ሲያደርጉት ሌላ ፍሪሲዮን ይታከልና ያግዘዋል። ኤል ላይ ከሄደ ዘይቱን ይለኩና፣ ልክ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ መያዣ ነው። ዘይት በመለወጥ አይድንም፣ ይፈታል።

ወደ ጋራዥ ሲወስዱት ደግሞ በገመድ አይጎትቱት። ሞተሩ ከጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ አይዞርም። ፓምፑ ካልዞረ ውስጡ ያለ ዘይት ይፋተጋል። በጭነት መኪና ላይ ይጫን፣ ካልሆነ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሱ።