«መርዶዬን በፌስቡክ ተረዳሁ» ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኩዌት ነው፤ በሰው ቤት እሠራለሁ። አምና አባቴ ደሴ ላይ ዐረፈ። ቤተሰቦቼ ለጓደኞቼ ደውለው፣ ዓርብ በዕረፍት ቀኔ ተሰብስበው እንዲነግሩኝ ተስማምተው ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ የአክስቴ ልጅ የአባቴን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ «ነፍስህን ይማር አጎቴ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ወጥ ቤት ቆሜ ስልኬን ስከፍት አየሁት። ይህን ለሰው ሳወራ «መርዶዬን በፌስቡክ ተረዳሁ» እላለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ግን «መርዶ በፌስቡክ አይረዳም፤ 'አየሁ' በይ» አለችኝ። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞ አንድ ቦታ «ሊያርዱኝ ቀጠሮ ይዘው ነበር» ብዬ ጽፌ ሰው ሳቀብኝ። ምን አጥፍቼ ነው? በመጨረሻም፣ በቴሌግራም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ የጻፈልኝ ሰው ለቅሶ ደርሷል ይባላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር። ጥያቄሽ የሰዋስው ጥያቄ ቢመስልም አሁን ብዙ ሰው ቤት ያለ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብመልስልሽ አትሰልቺ።

ቀላሉን ላስቀድም። አማርኛ ውስጥ በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ግሦች አሉ፤ «አረደ» እና «አረዳ»። በግ ያረዱ ሰዎችም «አረዱ» ይባላሉ። መርዶ የነገሩ ሰዎችም «አረዱ» ይባላሉ። ሲጻፉ አንድ ናቸው። በአፍ ግን ማንም አያምታታቸውም። የበጉ «ረ»ን ያጠብቃል። የመርዶው «ረ»ን አላልቶ «ደ»ን ያጠብቃል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ይጠፋል።

ወደ ትንቢቱ (ገና የሚሆነውን ወደሚናገረው የግሥ መልክ) ስትሄጂ ግን ፊደሉ ራሱ ይለያቸዋል። በግ «ያርዳል»፣ መርዶ «ያረዳል»። ስለዚህ «ሊያርዱኝ» ካልሽ ቢላዋ ይዘው መጡብኝ ማለትሽ ነው። ማለት የፈለግሽው «ሊያረዱኝ» ነው። ስሙም እንደዚሁ ይለያያል፤ የበጉ «ማረድ»፣ የመርዶው «ማርዳት»። ለማስታወስ «አበላ»ን ያዢ። አበላ፣ ያበላል፣ ማብላት እንደሚባለው ሁሉ፣ አረዳ፣ ያረዳል፣ ማርዳት ነው። የሳቁብሽ ሰዎች ሳቁን ትተው ይህቺን ቢነግሩሽ ይሻል ነበር። ስሕተቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። በየገጹ አየዋለሁ። ይህ ግሥ አብዛኛውን ዘመኑን የኖረው በአፍ ነው። አሁን ለቅሶአችን ወደ ጽሑፍ ሲገባ፣ ጽፈነው የማናውቀውን ቃል መጻፍ ግድ ሆነብን።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። «መርዶዬን በፌስቡክ ተረዳሁ» ስሕተት ነው? በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም። «ተረዳ» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ያረዳውን ሰው መጥቀስ አያስገድድም። «ልጅቷ ተረድታለች ወይ?» «ኧረ ገና አልተረዳችም» ይባላል። ማን እንዳረዳት፣ በምን እንዳረዷት አልተነገረም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርሽ የቆመ ነው፤ ማንም ሊያርምሽ አይገባም።

ጓደኛሽ ግን አንድ እውነት ነገር ተሰምቷታል። ለመልእክት ዓይነቶች አማርኛ የየራሳቸውን ግሥ ሰጥቷል። ወሬ ይወራል። ዜና ይሰማል። ምሥራች ይበሰራል። መርዶ ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማንም ናቸው፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሊሰማቸው ይችላል። የኋለኞቹ ሁለቱ ባለቤት አላቸው። «ምሥራች!» ያለሽን ሰው «ምሥር ብላ» ትይዋለሽ፤ ላንቺ ብሎ መጥቷልና። መርዶም የአንድ ሰው ነው። «መርዶዬ» ያልሽው ለዚህ ነው። «ዜናዬን ሰማሁ» አትይም።

ለዚህም ነው መርዶ ሥርዓት የተሠራለት። ሰዎች ይመካከራሉ። ማን ይንገራት፣ የት ትሁን፣ ማን ይያዛት ይባባላሉ። ብዙ ጊዜ ማለዳ ነው፤ ጎረቤት ወደ ሥራ ሳይበተን፣ ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውል ሰው እንዲኖር። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ቃላቱ ቀስ በቀስ ይከብዳሉ። «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቆይቶ «ጠንቶበታል» ይመጣል። ውጭ አገር ያለ ሰው «ጠንቶበታል»ን ሲሰማ ግማሹን ያውቃል። ይህ ውሸት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ቋንቋው ሰውየውን ደረጃ በደረጃ እያወረደው ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ባለው የእኛ ሰው ዘንድም ሥርዓቱ እስከ ዛሬ አለ። ጓደኞች ከሥራ ፈረቃቸው ያስፈቅዳሉ። ሳይነጋ በር ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የቆሙትን አምስትና ስድስት ሰዎች ያየ ሰው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ተረድቷል። በዓረብ አገር ግን ያንቺ ዓይነት ሥራ ላይ ያለች ልጅ ጋ ማን ማለዳ ሄዶ በር ያንኳኳል? የአሠሪዎቿ ቤት ነው። ስለዚህ መርዶው የዕረፍት ቀኗን ይጠብቃል። ላንቺም እንደዚያ ነበር የታሰበው።

«መርዶ በፌስቡክ አይረዳም» የሚለው ግን ከጽሑፍ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ልክ አይደለም። ደብዳቤ ባለበት ዘመንም መርዶ በጽሑፍ ይሄድ ነበር። ግን ደብዳቤው ለማን ነበር የሚጻፈው? ለሟች ልጅ አልነበረም። ለጓደኛዋ፣ ለንስሐ አባቷ፣ ለአገሯ ሰው ነበር። «አባቷ ዐርፏልና እንደምንም ብላችሁ አርዷት» ይላል። ስልክም ሲመጣ የተደወለው ለሌላ ሰው ነው። ቤተሰቦችሽም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ምናልባትም በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው የደወሉት። ስለዚህ መሣሪያው አዲስ መሆኑ ብቻውን ምንም አላበላሸም። የአክስትሽ ልጅ በለጠፈው ላይ የጎደለው አድራሻ ነው። ለሁሉም ሰው ተጻፈ፤ ከሁሉም መካከል አንቺ ነበርሽበት። ማንም አላረዳሽም፤ አንቺ ግን ተረዳሽ። ዓረፍተ ነገርሽ ጆሮ ላይ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል። ለእኔ ከ«አየሁ» ይልቅ የሆነውን በደንብ የሚናገረው እሱ ነው። እንዳለ ያዢው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ሞት ሁለት ቀን አለው፤ የሞተበት ቀንና የተረዳንበት ቀን። ለቅሶው የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል አንዳንዴ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ዓመታት አልፈዋል። የዚያ ምክንያቱ የሥልጣን ነገር ነው፤ ግን ሞትና መርዶ እንዲህ ተራርቀው መቆም መቻላቸው ለሕዝቡ እንግዳ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለመሄድ ከተነሡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎች በየመጠለያው ሞተዋል። አገር ቤት የቀረው ዘመድ ይህን የተረዳው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «መርዶ» የሚለው ቃልም፣ ልማዱም እስራኤል ድረስ አብሯቸው ሄዷል።

ስልካችን ያጠፋው ይህን በሁለቱ ቀኖች መካከል የነበረ ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ደግሞ ባዶ አልነበረም። ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚመካከርበት ጊዜ ነበር። አሁን ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ ፎቶው ይወጣል። እንዴት እንደሚሠራም ልብ በይ። ፌስቡክ ብዙ ሰው የተነጋገረበትን ጽሑፍ ለብዙ ሰው ያሳያል። እያንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ጽሑፉን ከፍ ያደርገዋል። አስተያየት የሰጠው ሰው አዘኔታውን ገለጸ፤ በዚያው ቅጽበት ጽሑፉን ወደ ሟች ልጅ ስልክ አንድ እርምጃ አቀረበው። ክፉ አስቦ አይደለም። «ነፍስ ይማር»ን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነበት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚለውን ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም። ቃሉን ያየ ሁሉ አንድ ሰው መሞቱን ያውቃል። ቃል እንኳ አያስፈልግም። ሰው ፕሮፋይሉን ሲያጠቁር ወይም ሻማ ሲያደርግ ወዳጁ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ድሮ ጥቁር የሚለበሰው፣ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ከመርዶ በኋላ ነበር።

ስለ አክስትሽ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። «ነፍስህን ይማር» ብሎ ለሟቹ መጻፉን የሚነቅፉ አሉ፤ ሟች ያነበዋል ወይ እያሉ። እኔ በዚህ አልነቅፈውም። የሙሾ አልቃሾቻችን ሟቹን «አንተ» እያሉ ሲያናግሩት ኖረዋል። የለመድነው «ነፍስ ይማር» የሟቹ ስም በተነሳ ቁጥር ጣል የሚደረግ ነው፤ የሚምረውም እግዚአብሔር ነው፣ ስሙ ሳይጠራ። «ነፍስህን» ሲባል ንግግሩ ወደ ሟቹ ዞረ እንጂ የሚምረው አልተለወጠም። ልጁ አጎቱን ወዶ ነው የጻፈው። ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። «ለቅሶ ደረሰ» የሚለው በ«ደረሰ» ላይ የቆመ ነው። መድረስ እግር ይፈልጋል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን ዘግኖ የወጣ ሰው ደረሰ ይባላል። ምንም ላይናገር ይችላል። ብዙ ወንዶች ለቅሶ ቤት ገብተው ሳይናገሩ ነው የሚወጡት። ግን ደርሰዋል። በተቃራኒው ደውሎ ለረጅም ጊዜ ያዋራሽ ሰው አጽናንቶሻል፤ ሰው ግን «ደወለች እንጂ አልደረሰችም» ይላል። ይህ ልዩነት አሁንም በሕዝቡ አፍ ውስጥ ሕያው ነው፤ እንዳይደበዝዝም እመኛለሁ። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖረ በቴሌግራም ጽፎ «ለቅሶ ደረስኩ» የሚል ሰው ቃሉን ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል። «ጻፍኩላት» ወይም «አጽናናኋት» ይበል።

ላንቺ ግን የተለየ ነው። አንቺ ኩዌት፣ ጻፊው ሪያድ ወይም ሚኒሶታ ከሆነ፣ መድረስ የሚችልበት መንገድ ያው ስልኩ ነው። በስደት ያለው ሰው «በስልክ ለቅሶ ደረስኩ» ማለትን ከጀመረ ቆይቷል፤ ትክክል ነው እላለሁ። በድምፅ የላከልሽ ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ ደርሷል። ድምፅ ውስጥ ሳግ ይሰማል። ፊደል ውስጥ አይሰማም። ጽሑፉን ገልብጦ ለመቶ ሰው የሚለጥፈውንና አንቺን አስቦ የጻፈውን ደግሞ አንቺው ታውቂያቸዋለሽ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ግን የተለመደ ስለሆነ ብቻ ባዶ ነው አትበይ። ድንኳን ውስጥም የሚባለው እሱው ነው። አንዳንዱ «ያጥናሽ» ይላል፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

እድሮቻችን ከዚህ ሁሉ በተሻለ ነገሩን የያዙት ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጡሩምባ ነፊው ፎቅ ለፎቅ መዞር ስለማይችል፣ በብዙ ቦታ ጥሪው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። «አባላችን አቶ እገሌ ስላረፉ ቀብር በ9 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ግሩፑ ውስጥ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። እንደ ጡሩምባው ሁሉ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ይሰማል፤ ከዚያ አያልፍም።

ለሚለጥፉት ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። በቅርብ ጊዜ ከአንዳንድ የሐዘን መግለጫዎች ግርጌ አንድ አጭር መስመር ማየት ጀምሬያለሁ፤ «ቤተሰቡ ሁሉ ተረድቷል» ትላለች። ይህቺን መስመር መጻፍ ያልቻለ ሰው ገና መለጠፍ የለበትም። ለመጻፍ ሲያስብ መጀመሪያ ስልክ አንሥቶ «ኩዌት ያለችው ልጅ ተረድታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ለአክስትሽ ልጅም ይህንኑ ንገሪው፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ይጠቅመዋል።