መልስ፦ ፍርዱ ከክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ባይታይም

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ዕዳ ተከስሼ በሌለሁበት ተፈረደብኝ፤ ፍርዱ ክሬዲቴን ያበላሸዋል?» ብለው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 አጋማሽ ወዲህ ክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም የሰዎችን የብድርና የክፍያ ታሪክ የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የፍትሐ ብሔር ፍርድን በሪፖርታቸው አያሰፍሩም። ይህ ግን አያዘናጋዎት! ያልተከፈለው ዕዳ ራሱ ለሰባት ዓመት ያህል ይታያል፤ ፍርዱም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ስላለ የቤት ብድር ሲጠይቁ አበዳሪው ሊያገኘው ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደመወዝዎ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ዕዳውን የሚጠይቀው ባለገንዘብ ፍርዱን ይዞ ከተጣራ ደመወዝዎ እስከ 25 በመቶ ሊያስቆርጥ፣ የባንክ ሒሳብዎንም ሊያሳግድ ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሰዎት ፍርዱ እንዲነሣ ማመልከት ይቻላል፤ ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ነገ ሳይሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ይሂዱ። ከፍለው ከጨረሱም መከፈሉ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር በጽሑፍ ይጠይቁ።