ሮዝመሪ ዝርያዋ ተቀየረ ወይስ ወገኗ?

ጥያቄ፦ አትክልት መትከል እወዳለሁ፤ ከእያንዳንዱ ተክል ሥር ስሙን ጽፌ እሰካለሁ። ሮዝመሪን በሳይንሳዊ ስሟ «ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ» ብያት ነበር። አሁን ደግሞ «ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ሆናለች» ተባልኩ። ኧረ ሰለቸኝ! ለመሆኑ በአማርኛ «ዝርያዋ ተቀየረ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ አባባሉ ግን አያስኬድም። ዝርያዋ ያችው ናት፣ ቅጠሏም ሽታዋም እዚያው ነው። ጣጣው ያለው «ዝርያ» የምትለው ቃላችን ላይ ነው፤ ለውሻውም፣ ለስንዴውም፣ ለጽጌረዳው ቀለም ሳይቀር እሷኑ እንመዛለን። ሳይንሱ ግን ደረጃ ይለያል። ተቀራራቢ ዝርያዎች ተሰብስበው አንድ «ወገን» ይሆናሉ፣ ከሁለቱ የስም ቃላት የመጀመሪያው የወገኑ ነው፣ ሁለተኛው ከዚያ ወገን ውስጥ የትኛዋ እንደሆነች ይለያል። የእኛ ግልባጭ ነው እንግዲህ፤ እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን።

ሮዝመሪ የተዛወረችው የዘረ መል ጥናት ከሳልቪያዎች መሃል የወጣች መሆኗን ስላሳየ ነው። ታዲያ ለምን «ሳልቪያ ኦፊሲናሊስ» አልተባለችም? ስሙ ተይዟላ! ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሴጅ ለምንላት ተክል ሰጥቶታል። በአንድ ወገን ውስጥ ደግሞ ሞክሼ አይፈቀድም። ስለዚህ የድሮ የወገን ስሟ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሁለተኛ ሆነ።

እናም «ወገኗ ተቀየረ» ወይም «ወደ ሳልቪያ ወገን ተዛወረች» ይበሉ። «ስሟ ተቀየረ» ማለትም ይቻላል፣ «ሳይንሳዊ» የምትለዋን እስካልረሱ ድረስ። ምክንያቱም «ሮዝመሪ» የሚለውን የነካው የለም፤ የዕለት ስም የተናጋሪው ንብረት ነው።

ቲማቲምን ይዩት። ሊኒየስ ከድንች ጋር ሶላነም የሚባለው ወገን ውስጥ አስገባው፤ በ1768 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የአትክልት ሊቅ ሚለር «ሊኮፐርሲከን ኤስኩለንተም» አለው፤ ዛሬ ተመልሶ ሶላነም ነው። እኛ «ቲማቲም» እንዳልን አለን። (ክሪሳንተመም የሚባለው አበባማ «ዴንድራንቴማ» ተብሎ አትክልተኛው ቢንጫጫ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥንት ስሙ ተመልሶለታል። ጩኸት አንዳንዴ ይሠራል።)

ምልክትዎ ላይ «ሮዝመሪ» የሚለውን ጎላ አድርገው፣ ከሥሩ «ሳልቪያ ሮዝማሪነስ፣ ቀድሞ ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ» ብለው ይጻፉ። ይቺን «ቀድሞ» አይዝለሏት፤ በአሮጌ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ያለሷ ሁለት ተክል ይመስለዋል። የታችኛውን መስመር ግን በእርሳስ ያድርጉት።