ማጻ ማለት ቂጣ ነው፦ ስለ ፔሳሕ ምግብ ላቀረባችሁት ጥያቄ መልሶቼ

ፔሳሕ (የአይሁድ ፋሲካ) ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ አያርፍም። ጥያቄውም በየዓመቱ ያው ነው፤ "ልጆቹ ማጻ አንበላም አሉ፣ ምን ላድርግ?" ዘንድሮ አንድ ላይ ጠይቁኝና አንድ ላይ ልመልስ አልኩ። እኔ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቄስም ራቢም (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) አይደለሁም። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ብዙ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። የሃይማኖት ፍርድ የሚፈልግ ወደ ቄሱ ወይም ወደ ራቢው ይሂድ። የድስቱን ጉዳይ ግን ወደዚህ አምጡት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ማጻ ሳቀርብላቸው "ካርቶን ነው" ብለው ይገፉታል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ካርቶን ቢሉት አልፈርድባቸውም። እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ስመጣ ልጅ ነበርኩ። በቀጣዩ ዓመት ለፔሳሕ አንድ ኪሎ የምትመዝን የማጻ ሳጥን ሰጡን። እናቴ አንዱን አውጥታ ገልብጣ አየችው፣ በጥፍሯ ቆረቆረችው፣ "ቂጣ ነው የሚሉት ይሄን ነው?" አለች። ማታ ይለሰልስ እንደሆነ ብላ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ጠዋት ስንነሳ ሙጫ ሆኗል። እናቴ ደግሞ እህል መጣል ሞቷ ነው፣ ድስት ላይ ገልብጣ በማማሰያ እየመታች ገንፎ አደረገችው። መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ዘይትና በርበሬ ጨመረችበት። ዙሪያውን ተቀምጠን ጨረስነው!

ይህን የማወራው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ማጻ ዱቄትና ውሃ ነው፣ ቂጣ ነው። ዳቦ እንዲሆንላችሁ ስትጠብቁት ነው የሚያናድዳችሁ። ቂጣ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ምን ታደርጉታላችሁ? ጨጨብሳ! በቃ፣ ከዚያ ጀምሪ።

ለአራት ሰው አራት ማጻ በእጅ ሰባብሪ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ከዚያ አታድቅቂው። ወንፊት ላይ አድርገሽ ለብ ያለ ውሃ አሳልፊበትና ወዲያው አንጠፍጥፊ። መዘፍዘፍ የለም፣ የእናቴን ሙጫ አስታውሺ። መጥበሻ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በቀስታ አቅልጠሽ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ ውሃ ጋር ጣል አድርጊ፣ እንዳያር። ማጻውን ጨምረሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አገላብጪ። ለትንሹ በርበሬውን ተዪለትና በቅቤና በማር ስጪው። የእኔዎቹ ዓመቱን ሙሉ ይጠይቁኛል።

ጥያቄ፦ በርበሬ ለፔሳሕ ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ በርበሬው ራሱ ምንም የለበትም። ችግሩ ወፍጮው ላይ ነው፣ በዚያው ወፍጮ ስንዴና ገብስ ይፈጫል። ስለዚህ ወይ ለፔሳሕ ተብሎ የተፈጨ ፈልጉ፣ ወይ ዛላውን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ በንጹሕ መፍጫ ፍጩ። አብሽ የገባበት ከሆነ ደግሞ ኪትኒዮት የማይበሉ እንግዶች ካሉ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ኪትኒዮት የምትሉት ምንድነው? ጤፍስ? እንጀራ ከሌለ እኔ ቤት ሰው አይጠግብም።

መልስ፦ በኦሪት ሕግ ሐሜጽ (በፔሳሕ የተከለከለ የቦካ ነገር) የሚሆኑት አምስት እህሎች ናቸው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ራይ እና ስፔልት (የስንዴ ዘመድ)። ኪትኒዮት የሚባሉት ደግሞ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራና የመሳሰሉት ናቸው። አሽኬናዞች (የአውሮፓ አይሁድ) በልማድ አይበሏቸውም፣ ከሰፋርዲም (ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ወገን ከሆኑት አይሁድ) ብዙዎቹ ይበላሉ። አሜሪካ ያለው ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቅዷል። እንግዲህ ሽሮ ቤተሰባችሁ በያዘው ልማድ ነው የሚወሰነው።

ጤፍ ከአምስቱ ውስጥ የለም። ግን እንጀራ ይቦካል፣ በእኛ ወግ ደግሞ የቦካ ነገር በፋሲካ አይቀርብም። እናቴ ፊት እንጀራ አምጥቼ "ጤፍ እኮ ከአምስቱ አይደለም" ብዬ ብከራከር በማማሰያው ነበር የምትመልስልኝ። ሰባት ቀን ነው፣ ቻሉት። ውጭ አገር ያላችሁ ስምንት ነው፣ እናንተም ቻሉት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዶሮ ወጥ በምን ይበላ?

መልስ፦ በማጻ! ማጻውን ሰባብራችሁ ትሪ ላይ አንጥፉ፣ ቀጠን ያለውን ወጥ ከላይ አፍስሱበት፣ ሦስት ደቂቃ ተዉት። ጠርዙ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ወጡን ጠጥቶ ይለሰልሳል። ፍትፍት ነው። ያው ወጡ በዘይት ይሠራ፣ ሥጋና ቅቤ አይገናኙም። ለልጆች አልጫውን አፍስሱላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ትምህርት ቤት "የቤተሰብህን የፔሳሕ ልማድ ይዘህ ና" ተብሏል። እኔ እዚሁ እስራኤል ነው የተወለድኩት፣ አገር ቤት እንዴት እንደነበር ምን ልንገረው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ጎንደር አካባቢ የነበሩት ወላጆቻችን ፋሲካ ነበር የሚሉት። ሳጥን የለም፣ ቂጣው ከስንዴ ዱቄት እዚያው ተለውሶ ወዲያው ምጣድ ላይ ይጋገራል፣ ትኩስ ነው። በግ ይታረዳል፣ ቄሶቹ ከኦሪት ከግብፅ የመውጣቱን ታሪክ ያነባሉ። የረጋ ወተት፣ አይብ፣ የመሳሰለው አይቀርብም፣ የቦካ ነው ተብሎ። እናቴ እስከ ዛሬ በፋሲካ ሰሞን ቅቤ አታስነካም፣ እኔ ነኝ ከሱቅ ካሼር ለፔሳሕ (በሕጉ ለፔሳሕ የተፈቀደ) የተባለውን የምገዛው፤ በዚህ በየዓመቱ እንጨቃጨቃለን።

ለልጅ የሚጥመው ግን የሸክላው ነው። አሮጌው ሸክላ ድስት ከሐሜጽ ጋር ዓመቱን ሙሉ ስለቆየ ይሰበርና አዲስ ይሠራል። የእናቴ ዘመዶች ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነበሩ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁበት መንደር። ልጆች ሆነው "ስበሩ" ሲባሉ ከደስታቸው የተነሳ ያልተሰጣቸውንም ይሰብሩ እንደነበር ትነግረናለች። በዚህ እድሜ ድስት ሰብሮ ምርቃት የሚያገኝ ማን ነው? ልጅሽን ከሸክላ ጭቃ ለሴዴር (ለፔሳሕ መግቢያ ማታ እራት) የጨው ውሃ ማስቀመጫ ትንሽ ሳህን አሠሪው። ምግቡን በቀጥታ እዚያ ላይ አታድርጉ እንጂ፣ ትንሽ ብርጭቆ ውስጡ አስቀምጡበት።

ጥያቄ፦ ብሩክሊን ሃሲዲክ (ልማድ የሚያጠብቁ አይሁድ) ቤተሰብ ቤት ነው የምሠራው። ማጻ ሾርባ ውስጥ ልጨምር ስል እመቤቲቱ ጮኸችብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም፣ ልማዳቸው ነው። ገብሮክትስ ይሉታል። ብዙ ሃሲዲም በፔሳሕ ማጻን ውሃ አያስነኩትም፣ ምናልባት ያልበሰለ ዱቄት ቀርቶ ውሃ ሲነካው ይቦካል ብለው። ሾርባውን ለብቻ፣ ማጻውን ለብቻ፣ ሳህኑን እንኳ ለይተሽ አቅርቢ። በስምንተኛው ቀን ራሳቸው ሾርባ ውስጥ ሲነክሩ ብታያቸው አትደነቂ፣ ያን ቀን ይፈቀዳል። ከዚህ በታች የምጽፈውን የሾርባ ድቡልቡል ግን እዚያ ቤት አትሞክሪው!

ጥያቄ፦ ክኔይድላህ (የማጻ ዱቄት የሾርባ ድቡልቡል) ስሠራ እንደ ድንጋይ ይደርቅብኛል።

መልስ፦ የእኔ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ልጆቹ በኮሪደር ላይ ኳስ ተጫውተውባቸዋል፣ አልተሰነጠቁም። ጥፋቴ ሁለት ነበር፦ የማጻ ዱቄት አብዝቼ፣ እጄ ላይ ጨፍልቄ። ልኩ ይሄ ነው። 4 እንቁላል መትታችሁ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ ውሃ ወይም መረቅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በመጨረሻ አንድ ኩባያ የማጻ ዱቄት። ሊጡ ቀጭን ይመስላችኋል፣ ዱቄት እንዳትጨምሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይጠጣዋል። እጅ በውሃ እያረጠባችሁ የትንሽ ሎሚ ግማሽ የሚያክል ድቡልቡል ሥሩ፣ በእርጋታ፣ ልክ ጫጩት እንደያዛችሁ። የሚፈላ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ጨምሩ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ክዳኑን አትንኩ። እጥፍ ይሆናሉ። እኔ ከዚያ በኋላ እርድና ዝንጅብል ባለው የዶሮ አልጫ መረቅ ውስጥ ነው የማስገባቸው። የባለቤቴ እናት ፖላንዳዊት ናቸው፣ መጀመሪያ ቢጫውን አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ።

ጥያቄ፦ ፒዛ በማጻ ሞክሬ ረጠበብኝ።

መልስ፦ አይቡን ከሥር፣ ስጎውን ከላይ። አይቡ ስጎው እንዳይሰርግ ይከለክለዋል። ስጎው ወፍራም ይሁን፣ ቀጭን ቅባት ብቻ። ኦቨን 200 ዲግሪ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ወዲያው ይበላ። ለልጆች ሥራ የሚሰጥ ምግብ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ይሥራ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሴዴር ጠርታናለች፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር። ምን ይዤ ልሂድ? ማጻው ከእኛ ቂጣስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የበሰለ ምግብ ይዘሽ አትሂጂ፣ ካሼር ለፔሳሕ ካልሆነ ይጨነቁብሻል። አበባ ወይም ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ጥሩ ነው። ለልጆቹ ከመሄድሽ በፊት መክሰስ ስጫቸው፣ እራቱ የሚቀርበው ብዙ ከተነበበና ከተዘመረ በኋላ ነው። አፊኮማን የሚባል የማጻ ቁራጭ ይደበቃል፣ ያገኘ ልጅ ስጦታ ይቀበላል፣ ያን ንገሪያቸውና ነቅተው ይጠብቃሉ።

ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ለማጻ ዱቄቱ ውሃ ከነካው ጀምሮ 18 ደቂቃ ሳይሞላ መጋገር አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ቦክቷል ይባላል። ቀዳዳ ቀዳዳው ጌጥ አይደለም፣ እንዳያብጥ ነው። ጨውም የለውም። እናንተ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምትበሉት እስራኤላውያን ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ ሊጡን ለማቡካት ጊዜ ስላጡ ነው ይባል የለ? ታዲያ ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ እንግዳ አይሆንብሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስንዴ አይስማማትም፣ ሴሊያክ ናት።

መልስ፦ ከአጃ ብቻ የሚሠራ፣ ግሉተን የሌለው ማጻ አለ፣ ሳጥኑ ላይ ግሉተን የሌለውም ካሼር ለፔሳሕም የሚለውን ማረጋገጫ እዩ። ውድ ነው፣ ይሰባበራል፣ ስለዚህ ለሴዴሩ ብቻ ያዙት። ለሌላው ቀን ድንች፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምን ጠፋ? ደግሞ "የእንቁላል ማጻ" የሚባለውን ግሉተን የሌለው እንዳይመስላችሁ፣ እሱም ስንዴ ነው፣ በውሃ ፋንታ በእንቁላልና በፍራፍሬ ጭማቂ የተለወሰ። ለሴዴሩም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቤኪንግ ፓውደር?

መልስ፦ ካሼር ለፔሳሕ የተጻፈበት ይሆናል። እርሾ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ቀን ላይ የልጁ ሆድ ይደርቃል፣ ይቅርታ ለጥያቄው።

መልስ፦ ምን ይቅርታ፣ ሁሉም ቤት ያለ ነው! ውሃ፣ ብርቱካን፣ የደረቀ ፕሪም፣ ሰላጣ። ማጻ በየሰዓቱ እንደ ብስኩት መስጠት ይቅር።

ጥያቄ፦ ያለ ኦቨን የሚሠራ ኬክ አለ? ልጆች የሚሠሩት?

መልስ፦ የእስራኤል ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የማጻ ኬክ አለ። 200 ግራም ቸኮሌት ከ200 ሚሊ ሊትር ክሬም ጋር በቀስታ አቅልጡ፣ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው። ልጁ ማጻውን ወተት ውስጥ አንዴ ነክሮ ያወጣል፣ "አንድ" እስኪል ብቻ፣ "ሦስት" ካለ እጁ ላይ ይቆረጣል። አንድ ማጻ፣ አንድ ቅባት ቸኮሌት፣ እንደገና ማጻ፣ ስድስት ሰባት እስኪደርስ። ፍሪጅ ውስጥ ያድር። ጠዋት በስለታም ቢላ ስትቆርጡት ንብርብሩ ይታያል፣ ልጆቹ የራሳቸው ሥራ መሆኑን አያምኑም። ወተት ስላለው ከሥጋ እራት በኋላ አይቀርብም፣ ለዚያ ቀን ነጩን ወተት በወይን ጭማቂ፣ ክሬሙን በኮኮናት ክሬም ቀይሩ።

ጥያቄ፦ በዓሉ አልፎ ሦስት ሳጥን ተርፎኛል።

መልስ፦ ፍጩና ማሰሮ ውስጥ አኑሩት። ሽኒትዘል (በፍርፋሪ የተለወሰ ሥጋ) ሲጠበስ ከዳቦ ፍርፋሪ ይሻላል። ደረቅ ቦታ ይሁን እንጂ ወራት ይቆያል።

ጥያቄ፦ የእናትሽን የማጻ ገንፎ አሠራር ትሰጪናለሽ?

መልስ፦ ጠየቅኳት። "ምን ገንፎ? እኔ ገንፎ አልሠራሁም፣ የተበላሸ ቂጣ ነው ያበላኋችሁ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።