አዳራሹ ሲሞላ የሚቆራረጥ ዋየርለስ ማይክ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? በአንድ የሰርግ አዳራሽ ሞንታርቦ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። አራት ዋየርለስ ማይክ አለን፤ ሦስቱ እዚሁ የተገዙ ናቸው፣ አራተኛውን ዘመድ ከአሜሪካ ልኮልን ነው። ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ ስሞክራቸው ምንም አይሉም። ሰው ሲገባ ግን የመድረክ መሪው ማይክ ይቆራረጣል። ሽማግሌ ሲመርቁ ከድምፃቸው ጋር ሽ... የሚል ይመጣል፤ ሚክሰሩ ላይ ብጨምርላቸው ባሰ። አራቱም ሲበሩ ደግሞ አንዱ ይንጫጫል። የአዳራሹ ባለቤት ሁሉንም በአዲስ ልቀይር እያሉ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤቱ ገንዘባቸውን ለጊዜው ያቆዩት። የነገርከኝ ሦስት ችግር ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ መነሻ አለው። ሦስቱም ግን የሚፈቱት ድምፁ ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ማይኩ ውስጥ ወይም አየር ላይ የተበላሸ ድምፅ ሚክሰር ላይ አይታከምም፤ አንተም ስትጨምርለት የባሰው ለዚህ ነው።

ከሽማግሌው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ስለሆነ። የእጅ ማይኩ ራሱ ትራንስሚተር፣ ማለትም ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ መሣሪያ ነው፤ የራሱ ጌይን (ድምፁ ምን ያህል እንዲጎላ የሚወስን ማስተካከያ) አለው። የባትሪ ክዳኑን ስትከፍት በብዙዎቹ ላይ ትንሽ ማብሪያ ወይም በቀጭን ካቻቢቴ የሚዞር ነገር ታገኛለህ፤ አዳዲሶቹ በሜኑ ነው የሚስተካከሉት። አናሎግ (ዲጂታል ያልሆነ) ዋየርለስ ድምፁን በኤፍ ኤም ከመላኩ በፊት ይጨምቀዋል፣ ሪሲቨሩ (ሞገዱን ተቀብሎ ለሚክሰሩ የሚሰጠው ሳጥን) ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ለአንድ ነው፤ በትንሹና በትልቁ ድምፅ መካከል 80 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ልዩነት ካለ፣ አየር ላይ 40 ሆኖ ተጉዞ ሲደርስ ተመልሶ 80 ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የሬዲዮ መንገዱ የራሱ ሽ... የሚል ድምፅ ስላለው፣ የሰውየው ድምፅ ከዚያ በላይ ሆኖ እንዲያልፍ ነው። ጌይኑ ዝቅ ብሎ ሽማግሌውም በቀስታ የሚናገሩ ከሆነ፣ ድምፃቸው ከሽሽሽታው ጎን ለጎን ይጓዛል። ሚክሰሩ ላይ ስትጨምር ሁለቱንም አብረህ ነው የምታጎላው።

ሰርጉ ሳይጀመር ማይኩን ለመድረክ መሪው ስጠውና እንግዳ ሲቀበል እንደሚጮኸው አድርጎ ይናገር። ጓደኛህ ለስለስ ብሎ «ሀሎ፣ አንድ ሁለት» ቢልልህ ምንም አይጠቅምህም። አንተ ሪሲቨሩ ላይ ያለውን የድምፅ መብራት ተመልከት። ትራንስሚተሩን ከፍ እያደረግህ ሂድ፤ ቀዩ መብራት በጩኸቱ ጫፍ ላይ ብልጭ ማለት ሲጀምር አንድ ደረጃ ቀንስና እዚያው ተወው። ቀዩ በርቶ ከቀረ ድምፁ ገና ከመላኩ በፊት ተሰነጣጥቋል ማለት ነው፤ ይህንንም ሚክሰሩ አያድነውም። ሚክሰሩን የምታስተካክለው ከዚህ በኋላ ነው። ለሽማግሌዎች ከቻልክ አንድ ማይክ ለብቻ መድብ፣ ጌይኑንም ለእነሱ ድምፅ አስተካክለህ አስቀምጥ። መራቂ ሰው ማይኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ወደ አፋቸው እንዲያቀርቡት በአክብሮት የሚነግር ሚዜም አዘጋጅ።

መቆራረጡ ሌላ ጉዳይ ነው። የትራንስሚተር ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ነው፣ በጣም ትንሽ። የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማይኩና አንቴናው ይተያያሉ፤ ማታ በመካከላቸው የቆመ፣ የሚጨፍር ሕዝብ አለ። ሪሲቨሮችህ የተቀመጡት ከኋላ ጥግ ሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ ወይም ጠረጴዛው ሥር ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንቴናው ከቆመ ሰው ራስ በላይ ይሁን። ከብረት ሳጥንና ከኤልኢዲ ስክሪን ራቅ አድርገው፤ ከማይኮቹም ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ።

በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 50 ሳንቲሜትር ነው። ቀጥታ የመጣውና ከግድግዳ የተመለሰው ሞገድ ተገናኝተው የሚጠፋፉበት ቦታ ስላለ፣ መሪው አንድ እርምጃ ሲራመድ ድምፁ ጠፍቶ በሚቀጥለው ይመለሳል። ሁለት አንቴና ያለው ዳይቨርሲቲ ሪሲቨር የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲያጣ ሌላው ያገኛል። አንቴናዎቹን እንደ ቪ ክፈታቸው። ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን ሁለት አንቴና ቢኖራቸውም አንዱ ለአንደኛው ማይክ፣ ሌላው ለሁለተኛው ነው፤ ያ ዳይቨርሲቲ አይባልም። መሪው ማይኩን ከታች ጨብጦ እንደሆነም እይ፤ የብዙ የእጅ ማይኮች አንቴና እዚያው ጭራው ውስጥ ነው፣ እጅ ሲሸፍነው ይታፈናል። ስኩዌልች የሚባለውን፣ ሲግናሉ ሲደክም ድምፁን የሚዘጋውን ማስተካከያ፣ ከፍ በማድረግ መቆራረጥን ለማስቀረት አትሞክር፣ ርቀቱን ያሳጥርብሃል።

ባትሪ ድንጋዩን ለእያንዳንዱ ሰርግ አዲስ አድርግ። ቻርጅ የሚደረገውን ከተጠቀምክ የባትሪ ምልክቱን አትመን። ተራው አልካላይን ከ1.5 ቮልት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ላይ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል። ምልክቱ ለአልካላይን የተሠራ ከሆነ «ገና አለ» እያለህ ንግግር መሀል ያጠፋብሃል።

አሁን ወደሚንጫጫው እንምጣ። ሁለት ትራንስሚተር ጎን ለጎን ሲበራ ሞገዳቸው ተቀላቅሎ አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል፤ ስሌቱም የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው ነው። አንዱን 600.0፣ ሌላውን 600.4 ሜጋኸርዝ ላይ አድርገሃል እንበል። 600.4 በሁለት ተባዝቶ 600.0 ሲቀነስለት 600.8 ይመጣል። ሦስተኛውን ማይክ 600.8 ላይ ካደረግኸው ሁለቱ በቀጥታ ይመቱታል። ፍሪኩዌንሲዎችን እኩል እኩል አራርቆ መደርደር ለዓይን ቢያምርም ትልቁ ወጥመድ ነው። ርቀታቸው የተለያየ ይሁን፤ ለምሳሌ 600.0፣ 600.4፣ 601.2 እና 602.6 አንዱ ሌላውን አይመታም። አንድ ዓይነት የሆኑትን ማይኮች ሁሉንም በአንድ ግሩፕ (ፋብሪካው አብረው እንዲሠሩ መርጦ ባስቀመጣቸው የፍሪኩዌንሲዎች ስብስብ) ውስጥ፣ ቻናላቸውን ለየብቻ አድርግ፤ ፋብሪካው ስሌቱን ሠርቶልሃል። የማይሠራባቸው ማይኮችም ጠረጴዛ ላይ ተቃቅፈው በርተው አይቆዩ።

መሞከሪያውም ቀላል ነው። አራቱንም ማይክ አጥፋና የሪሲቨሮቹን የአርኤፍ መብራት (የሬዲዮ ሞገድ መድረሱን የሚያሳየውን) ተመልከት። ማይኩ ጠፍቶ መብራቱ ከበራ ያንን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም የጎረቤት አዳራሽ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሦስቱን አብራ፣ አራተኛው እንደጠፋ ይሁን። የአራተኛው ሪሲቨር መብራት ካሳየ መቺዎቹ ሦስቱ ናቸው። ይህን እያፈራረቅህ በአራቱም ላይ አድርገው፣ ሰው ከገባ በኋላም ድገመው።

ከአሜሪካ የመጣውን በጀርባው የተጻፈውን ክልል አንብብ። እዚያ አገር ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ለሞባይል ኩባንያዎች ተሰጥቶ፣ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚያ ላይ ዋየርለስ ማይክ መጠቀም ተከልክሏል፤ የ700ው ክልል ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። በእኛም የዓለም ክፍል ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ለሞባይል የተመደበ ስለሆነ፣ ማይኩ ከዚያ በላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለሰርግ አትመካበት። እዚህ የትኛው እንደሚፈቀድ የሚነግርህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ርቀቱ ካስቸገረህ፣ አንቴናውን በረጅም ኬብል ወደ መድረኩ ለመውሰድ አትቸኩል። ቀጭኑ አርጂ 58 ኬብል በዚህ ፍሪኩዌንሲ በ10 ሜትር ውስጥ ከሲግናሉ ግማሽ በላይ ይበላል። ሪሲቨሮቹን ራሳቸውን መድረኩ አጠገብ ከፍ አድርገህ አስቀምጥና የድምፅ መውጫቸውን በኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግር ሶኬት ያለው የማይክ ኬብል) ወደ ሚክሰሩ አምጣ። ኤክስኤልአር 30 ሜትር ቢሄድም ድምፁ አይጎዳም፣ ዋጋውም ከአዲስ ማይክ ጋር አይወዳደርም።