ማትስ አጥንቼ ምን ልሰራበት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም የዚህ ዓምድ አዘጋጆች። ሦስተኛ ዓመት የማትስ ተማሪ ነኝ፣ ወደ አፕላይድ ልገባ ነው ስል ሁሉም ሰው "ከማስተማር ውጪ ምን ልትሰሪበት ነው" ይለኛል፣ እኔም መልስ የለኝም። የአፕላይድ ማትስ ሰው ሪሰርች ሲሰራ ምንድነው የሚሰራው? ደሞስ ዕድሜ ልኩን አንድ ርዕስ ላይ ነው የሚቆየው ወይስ መቀያየር ይቻላል? ግራ የገባት ነኝ

መልስ፦ እህታችን፣ በደፈናው ከምናወራልሽ የአንድ ሰው ስራ ብናሳይሽ ይሻላል። ጄምስ ላይትሂል የሚባል እንግሊዛዊ ነበር (1924–1998፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ በ26 ዓመቱ ማንቸስተር ፕሮፌሰር የሆነ ሰውዬ። ያኔ የጀት ሞተር ጩኸት ሰው አላስቀምጥ ብሎ ስለነበር በ1952 የአየር እንቅስቃሴን ኢኩዌሽኖች ይዞ ድምጹ ከሚተራመሰው አየር እንዴት እንደሚወለድ አሳየ። ጉዱ ያለው ውጤቱ ላይ ነው፣ የድምጹ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስምንተኛ ፓወር ነው፣ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው አየር ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ የድምጹ ኃይል 256 ጊዜ ያንሳል፣ ስምንት ሁለቶችን አባዢና እይው። ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ፊቱ ሰፊ ሆኖ ብዙ አየር ቀስ አድርጎ ሲገፋ ነዳጅም ይቆጥባል ጩኸቱም ይቀንሳል።

በ1955 ደግሞ ከጄራልድ ዊትሃም ጋር ሁለት ተከታታይ ጽሁፍ አወጡ፣ አንዱ ስለ ወንዝ ጎርፍ፣ ሌላኛው ስለ ትራፊክ መጨናነቅ! ምን አገናኛቸው ካልሽ ሂሳቡ ያው ነው። መኪና አንድ በአንድ መቁጠሩን ትተሽ በአንድ ኪሎሜትር ስንት አለ ትያለሽ፣ ሲበዛ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መኪና ደግሞ መንገድ ላይ አይፈጠርም አይጠፋም፣ ገብቶ ያልወጣው እዛው ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከዚህችው ብቻ ተነስተሽ ፊት ያለው ፍሬን ሲይዝ መቆሙ እየተቀባበለ ወደኋላ ሲጓዝ ታገኚዋለሽ፣ መኪኖቹ ግን አንዳቸውም ወደኋላ አልሄዱም። ለዚህ ነው ፊት ያስቆመው ነገር ከተነሳ በኋላ እንኳን አንቺ ጋ ደርሶ የሚያቆምሽ። እኛ ከስራዎቹ ሁሉ ይሄን ነው የምንወደው።

መቀያየሩ እንግዲህ ታይቷል። ላይትሂል ከዛ የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ሆነ፣ በ1969 ካምብሪጅ ኒውተን የነበረበትን የፕሮፌሰርነት ወንበር ከፊዚክስ ሊቁ ዲራክ ተረከበ (ቀጥሎ የያዘው ሆኪንግ ነው)፣ እዛም ሆኖ ዓሳ እንዴት እንደሚዋኝና ወፍና ነፍሳት እንዴት እንደሚበሩ ሲያሰላ ነበር። ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሪፖርት ጻፍ ተብሎም በ1973 በወጣው ጽሁፉ ሙያውን ክፉኛ ስለተቸ የእንግሊዝ መንግስት ለዘርፉ የሚሰጠውን ገንዘብ ቀነሰ፣ እዚህ ጋ እንኳን ላይትሂል ሳይቸኩል አልቀረም ባይ ነን።

ኮርስ ስትመርጪ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (በቦታም በጊዜም የሚለዋወጥ ነገር የሚጻፍበት) እና ኑሜሪካል አናሊሲስ (መልሱን በቁጥር ተጠግቶ ማስላት) እንዳያመልጡሽ፣ ኮዲንግም ጎን ለጎን ያዢ፣ ከተቻለም የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከኢንጂነሪንግ ወይ ከባዮሎጂ ዲፓርትመንት ሰው ጋር ስሪው፣ ጥያቄው ያለው እነሱ ጋ ነው።